ልብወለድ ስታነቡ እርሳስ ያዙ

ድሬዳዋ ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ሥራ አያሠራም። እኔ ያኔ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ልብወለድ ይዤ እቀመጣለሁ። ስለማነበው የምጽፍበት አንድ ደብተርም አብሮኝ አለ።

«ደስ ይላል» ብላችሁ አትጻፉ፤ ለምንም አይጠቅም። ያናደዳችሁን ጻፉ። ገጹንና ቀኑንም አስቀምጡ። ቀኑ ለምን? በ1958 የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር» መጀመሪያ ያነበብኩት በ18 ዓመቴ ነው። ስለ አንዱ ገጸ ባሕርይ «ጉዱ ካሣ ለየለት» ብዬ ጽፌያለሁ። በ40 ዓመቴ ስደግመው ግን ከሁሉም ጤነኛው እሱ ሆኖ አገኘሁት። ሁለቱን ማስታወሻ ጎን ለጎን ሳይ በራሴ ሳቅኩ።

«ኦሮማይ»ን እያቆማችሁ አትጻፉ፤ ስትጨርሱ ይደርሳል። ጋዜጠኛው ፀጋዬ አስመራ ከገባ በኋላማ መጽሐፉ አይለቅም። እኔ ባጃጅ ውስጥ እያነበብኩ «ወራጅ» ማለት ረስቼ ደቻቱ ደርሻለሁ።

ያልጨረሳችሁትንም መዝግቡ። «አደፍርስ» ክርክሩ በዝቶብኝ ሁለቴ ጥዬዋለሁ። የት ገጽ ላይ እንደተውኩት ጽፌ ስለነበር በሦስተኛው ተወጣሁት።

ደብተሩን ግን ለማንም አታውሱ። እኔ ለእህቴ አውሼ፣ ይኸው ቡና በተፈላ ቁጥር ለጎረቤት ታነብብኛለች።