የድመትና የውሻ ሽንትን ከምንጣፍ ማስለቀቅ

የድመት ወይም የውሻ ሽንት ምንጣፍ ላይ ሲፈስ ለዓይን የሚታየው እድፍ ከጉዳቱ ትንሹ ክፍል ነው። ፈሳሹ በክሮቹ መካከል ሰርጎ እስከ ምንጣፉ ጀርባ፣ አንዳንዴም ከሥሩ እስከተነጠፈው ስፖንጅ ድረስ ስለሚወርድ፣ ላይ ላዩን ብቻ ያጸዳ ሰው ከጥቂት ቀናት በኋላ ሽታው ተመልሶ ይጠብቀዋል።

ቦታው ገና እርጥብ ከሆነ ቀለም የማይለቅ ነጭ ፎጣ አጥፎ ማስቀመጥ፣ በላዩ ቆሞ መጫንና ፎጣው በራሰ ቁጥር መቀየር ይገባል። ማሸት ሽንቱን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፣ ክሩንም ያበላሻል። ቀጥሎ በቀዝቃዛ ውሃ አርሶ እንደገና መምጠጥ ነው፤ ሙቅ ውሃና እንፋሎት እድፉን ከክሩ ጋር ሊያጣብቁት ይችላሉ።

የሽታው ምንጭ ሁለት ነው። በሽንቱ ውስጥ ያለውን ዩሪያ ባክቴሪያዎች ሲያፈራርሱት አሞኒያ ይወጣል፤ ዩሪክ አሲዱ ደግሞ በውሃ በቀላሉ የማይሟሟ ደቃቅ ጠጣር ሆኖ ክሩ ላይ ይቀራል፣ አየሩ በረጠበ ቁጥርም ጠረኑ ያገረሻል። ስለዚህ ለእንስሳት ሽንት ተብሎ የተሠራ ኢንዛይም (እነዚህን የሽንት ቅሪቶች የሚሰባብር ንጥረ ነገር) ያለው ማጽጃ ከሁሉም ይመረጣል። ማጽጃው ሽንቱ የደረሰበት ጥልቀት ድረስ እንዲደርስ በደንብ ማፍሰስ፣ በመመሪያው ላይ ለተጻፈው ጊዜ ያህል ሳይደርቅ ማቆየት፣ ከዚያም መጥጦ በአየር ማድረቅ ያስፈልጋል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ጥቂት ረጭተው ወዲያው ይጠርጉታል። ሱፍ ራሱ ፕሮቲን በመሆኑ አንዳንድ ኢንዛይሞች ሊጎዱት ስለሚችሉ፣ ለሱፍ ምንጣፍ መሆኑን መመሪያው ላይ ማረጋገጥ፣ በማይታይ ጥግ ላይም አስቀድሞ መሞከር ይገባል።

ኢንዛይሙ ካልተገኘ፣ እኩል መጠን ያለው አቼቶና ውሃ ቀላቅሎ ማርጠብ፣ ከመጠጡት በኋላ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሶ ማሳደርና በማግስቱ በአቧራ መምጠጫ ማንሳት አዲስ ሽታን በእጅጉ ይቀንሳል፤ ዩሪክ አሲዱን ግን አያስወግድም።

በረኪና ፈጽሞ አይነካው፤ ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ ሳንባን የሚጎዳ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። አሞኒያ ያለበት ማጽጃም ሽታው ሽንት ስለሚመስል እንስሳውን ወደዚያው ቦታ ሊመልሰው ይችላል።

የቆየ እድፍ የት እንዳለ ካልታወቀ ክፍሉን አጨልሞ በአልትራቫዮሌት ባትሪ (የሽንት እድፍን አብርቶ በሚያሳይ የእጅ መብራት) መፈለግ ይቻላል። ስፖንጁ ክፉኛ ከራሰ ግን ከማጽዳት ይልቅ መቀየሩ ይሻላል።

በተመደበለት ቦታ መሽናት የለመደ እንስሳ በድንገት ምንጣፍ ላይ መሽናት ከጀመረ ታሞ ሊሆን ስለሚችል እንዳይቀጣ፤ የእንስሳት ሐኪም ይየው። በተለይ ወንድ ድመት እያማጠ ሽንት እንቢ ካለው ሕይወቱ አደጋ ላይ ስለሆነ ለነገ ሳይባል ወዲያውኑ ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት።