«ፍላሹ አይከፍትም»፦ የሠርግ ፎቶና ቪዲዮ ስናስረክብ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ጥር ሲገባ ጎንደር ውስጥ ካሜራ ለያዘ ሰው ፋታ የለም፤ ሠርጉ፣ መልሱና ጥምቀቱ ይደራረባሉ። ደንበኛ ፎቶና ቪዲዮ የተጫነበትን ፍላሽ ይዞ የሚመለሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀረጻው ተበላሽቶ ሳይሆን አሰጣጡ ሳይታሰብበት ቀርቶ ነው። ስለዚህ ቀብድ ስትቀበሉ «የት ነው የምታዩት?» ብላችሁ ጠይቁ። በሪሲቨር የሚያይ፣ በስልክ የሚያይና ውጭ አገር ሆኖ የሚጠብቅ ሰው የሚያስፈልጋቸው ነገር ይለያያል።

«እናንተ ጋ ሠርቶ ነበር፣ ቤት ስንወስደው ሪሲቨሩ አላነበበውም»

ከሁሉ የሚበዛው ይህ ነው፤ ከደንቢያ ወይም ከወገራ የመጣ ደንበኛ ከሆነ ደግሞ የትራንስፖርት ወጪና የአንድ ቀን ሥራ ያስከፍለዋል።

መጀመሪያ የፍላሹን ፎርማት፣ ማለትም ፋይሎችን የሚያደራጅበትን ሥርዓት፣ እዩ። ብዙ የቆዩ ሪሲቨሮችና ቴሌቪዥኖች የሚያነቡት ፋት 32 የተባለውን ብቻ ነው። 64 ጊጋ ፍላሽ ግን ከፋብሪካ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ኤክስፋት በተባለ ሌላ ፎርማት ነው፤ ዊንዶውስ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ ፎርማት ስትሉም ከ32 ጊጋ በላይ ለሆነ ፍላሽ ፋት 32 የሚለውን ምርጫ ብዙ ጊዜ አያሳያችሁም። 32 ጊጋ መግዛት ወይም ሩፈስ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ፎርማት ማድረግ ይቻላል።

ፋት 32 ደግሞ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ፍላሹ ባዶ ሆኖ ሳለ ኮምፒውተሩ «ፋይሉ ትልቅ ነው» የሚለው ለዚህ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ፍላሹን ኤንቲኤፍኤስ ወደተባለ ፎርማት ቀይሮ ይገላገላል፤ ችግሩ ግን ወደ ደንበኛው ቤት ይሄዳል። ይልቅ ፊልሙን ክፈሉት። በ1080 ጥራትና በሰከንድ 8 ሜጋቢት የወጣ ቪዲዮ በሰዓት 3.6 ጊጋ ገደማ ይይዛል፤ እያንዳንዱን ክፍል ከአንድ ሰዓት ካላሳለፋችሁት ይገባል። ሠርግ ደግሞ ለመከፈል የተመቸ ነው፦ የሙሽሪት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ግብዣ፣ መልስ። የፋይሉን ስም በላቲን ፊደል ጻፉት፤ አንዳንድ ሪሲቨር የግዕዝ ፊደልን ባዶ ሳጥን አድርጎ ያሳያል። ቁጥሩንም 01፣ 02 እያላችሁ ጀምሩ፤ ያለበለዚያ 10ኛው ክፍል ከ2ኛው ሊቀድም ይችላል።

ፍላሹ ተነቦ ድምፅ ብቻ ከተሰማ ወይም ምስል ያለ ድምፅ ከታየ ጥፋቱ ኤክስፖርቱ ላይ፣ ማለትም ቪዲዮው ከኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ሲወጣ በተመረጠው ዓይነት ላይ ነው። ኤች 265 በተባለው መጭመቂያ የወጣ ቪዲዮና ቀለሙ 10 ቢት የሆነ ቪዲዮ የቆየ ቴሌቪዥን ያስቸግራሉ። ፋይሉ ኤምፒ 4፣ መጭመቂያው ኤች 264፣ ቀለሙ 8 ቢት፣ ድምፁ ኤኤሲ ስቴሪዮ ይሁን። ስቱዲዮ ውስጥ አንድ ያገለገለ ሪሲቨር አስቀምጡና ከማስረከባችሁ በፊት እሱ ላይ ሞክሩ።

«የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ይከፍታሉ፣ የኋለኞቹ ግራጫ ናቸው»

ላዩ ላይ 64 ተብሎ ተጽፎ ውስጡ ግን 8 ጊጋ ብቻ የሆነ ፍላሽ ገበያ ላይ አለ። ኮፒው ያለ ምንም ስህተት ያልቃል፤ ከ8 ጊጋ በኋላ የተጻፈው ግን የለም። ኤች 2 ቴስት ደብልዩ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ፍላሹን ሞልቶ መልሶ በማንበብ ያጋልጠዋል። ጊዜ ከሌላችሁ ኮፒ አድርጉ፣ ኤጀክት (ፍላሹን በደህና አውጣ የሚለው ትእዛዝ) ብላችሁ ንቀሉት፣ እንደገና ሰክታችሁ የመጨረሻውን ፋይል ከፍላሹ ላይ ክፈቱ። ሳትነቅሉ ካያችሁት ኮምፒውተሩ ከራሱ ሜሞሪ ሊያሳያችሁ ይችላል።

ኤጀክት ሳይሉ መንቀልም ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሳል። ርካሽ ፍላሽ በሰከንድ 8 ሜጋባይት ከጻፈ 30 ጊጋ ለመሙላት ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈልጋል፤ ደንበኛው በር ላይ ቆሞ እያለ አትጀምሩ።

«ለግድግዳ አሳጥበነው ደበዘዘ»

ፎቶው በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ ተልኮ ነው። ረጅሙ ጎን ብዙ ጊዜ ወደ 1280 ፒክሰል ይወርዳል፤ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሲታተም ይህ 11 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። 6000 ፒክሰል ያለው ዋናው ፎቶ ግን 50 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ስትልኩ «ፋይል» የሚለውን ምረጡ። ቴሌግራም በነፃ እስከ 2 ጊጋ ያለው ፋይል ይቀበላል። ፎቶው ያልደበዘዘ፣ ግን ስልክ ላይ ቀለሙ የፈዘዘ ከሆነ አዶቤ አርጂቢ በተባለው የቀለም ዓይነት ወጥቶ ይሆናል፤ በኤስአርጂቢ ድጋሚ አውጡት።

«አሜሪካ ያለችው እህቴ ሊንኩ ፈቃድ ጠይቂ አላት»

ፋይል ኢንተርኔት ላይ የሚቀመጥበት ጉግል ድራይቭ ሊንኩን ሲሠራ ዝግ አድርጎ ነው። «ሊንኩ ያለው ሁሉ» ወደሚለው ቀይሩትና በሌላ ሰው ስልክ ከፍታችሁ እዩ። ነፃው 15 ጊጋ ቦታ ከጂሜይልና ከጉግል ፎቶስ ጋር የጋራ ስለሆነ ከሞላ ኢሜይል መቀበልም ይቆማል። የመጫኛ ፍጥነታችሁ በሰከንድ 5 ሜጋቢት ከሆነ 20 ጊጋ ለመጫን 9 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በአንድ ዚፕ ጠቅልላችሁ ከጀመራችሁና መሃል ላይ መብራት ከሄደ ድካሙ ከንቱ ነው፤ መቶ መቶ ፎቶ በያዙ ፎልደሮች ማታ ጫኑ። ለውጭ ዘመድ ፎቶውንና አጭሩን ቪዲዮ ብቻ መላክ ይበቃል፤ ሙሉው ፊልም በፍላሽ ሰው ሲሄድ ይሂድ።

«ልጆች ፍላሹን ሰበሩት»

ዋናውን ፎቶና ቪዲዮ ቢያንስ 6 ወር በሁለት የተለያዩ ሃርድ ዲስኮች አቆዩ፤ አንደኛው ከስቱዲዮው ውጭ ይቀመጥ። እስከ መቼ እንደምታቆዩት ቀኑን ውሉ ላይ ጻፉት፣ ስታስረክቡም ለሙሽሮቹም ለቤተሰቡም በቃል ንገሯቸው።