የኮሚክ ጀግናን ወደ ፊልም ሲያመጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከኮሚክ በተወሰደ ፊልም ላይ የሚነሳው የመጀመሪያ ክርክር ሁሌም «መጽሐፉን መስሏል ወይስ አልመሰለም?» የሚል ነው። አንዳንዱ ፊልም ግን ቁርጥ መጽሐፉን መስሎ ይወድቃል፤ ሌላው ግማሹን ጥሎ ይሳካለታል። ከታች ያሉት ስህተቶች ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ያሳያሉ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የኮሚኩን ገጽ እንደ ስቶሪቦርድ (ትዕይንቶች ከመቀረጻቸው በፊት የሚሳሉበት ንድፍ) መጠቀም

ኮሚክ ስናነብ ሰዓቱ በእጃችን ነው። አንዱ ሥዕል ላይ እንቆያለን፣ ደስ ካለን ወደ ኋላ እንገልጣለን። ሲኒማ ቤት ግን ሰዓቱን የያዘው ኤዲተሩ ነው። የአላን ሙርና የዴቭ ጊበንስ «ዎችመን» (1986–87) አብዛኛው ገጹ በዘጠኝ እኩል ሣጥን ላይ የተገነባ ነው፤ የታሪኩ ምትም የሚመጣው ከዚያ እኩልነት ነው። ዛክ ስናይደር በ2009 ወደ ፊልም ሲያመጣው ብዙዎቹን ሥዕሎች በጥንቃቄ ገልብጦ በስሎው ሞሽን አቆያቸው። ሥዕሎቹ መጡ፣ ምቱ ግን ቀረ። ምስልን ማዘግየት ደግሞ ድርጊቱን ያስውበዋል፤ ኮሚኩ ላይ የሚያስጠላው ድብደባ ፊልሙ ላይ ያማረ ትርኢት ሆኖ የወጣው ለዚህ ነው።

የአንግ ሊ «ሃልክ» (2003) በበኩሉ ስክሪኑን እንደ ኮሚክ ገጽ ቆራርጦ ተመልካቹ የቱን ይይ የቱን ይተው ግራ አጋባው። የተሻለው መንገድ የፊልምን የራሱን መሣሪያ መጠቀም ነው። በ2018ቱ አኒሜሽን «ስፓይደር ማን፦ ኢንቱ ዘ ስፓይደር-ቨርስ» ጫካ ውስጥ በድር የሚወነጨፉበትን ትዕይንት ይመልከቱ። ልምድ ያለው ፒተር በሰከንድ 24 ሥዕል ሲንቀሳቀስ፣ ጀማሪው ማይልስ በ12 ብቻ ይንቀሳቀሳል። ማንም «ልጁ ገና አልለመደም» ብሎ ሳይነግረን ዓይናችን ይረዳዋል።

ጀግናውን ጀግና ያደረገውን ቁስል መንካት

ስፓይደር ማን በነሐሴ 1962 የታተመበት የመጀመሪያ ታሪክ 11 ገጽ ብቻ ነው። ዝና ያገኘና ልቡ ያበጠ ልጅ፣ ሌባ በፊቱ ሲሮጥ ምን አገባኝ ብሎ ያሳልፈዋል፤ ያው ሌባ አጎቱን ይገድልበታል። ሳም ሬይሚ በ2002 ድሩ ከመሣሪያ ሳይሆን ከልጁ እጅ እንዲወጣ አደረገ፤ ብዙ አንባቢም ተቆጣ። እውነቱን ለመናገር ያ ለውጥ ምንም አላጎደለም። ትልቁ ለውጥ ሌላ ቦታ ነበር። ፊልሙ ውስጥ ሦስት ደቂቃ ለሚታገል 3,000 ዶላር ቃል የገባው አዘጋጅ፣ ፒተር በሁለት ደቂቃ ስላሸነፈ 100 ዶላር ብቻ ይሰጠዋል። ወዲያው አዘጋጁ ሲዘረፍና ፒተር ለሌባው መንገድ ሲለቅ ተመልካቹ «እሰየው!» ይላል። አጎት ቤን ሲሞት እንግዲህ ጥፋቱ የፒተር ብቻ አይደለም፤ እሰየው ያልነውንም ይነካናል። ቁስሉ ያው ነው፣ ጥልቀቱ ግን ጨምሯል።

«ካትዉማን» (2004) ተቃራኒውን አደረገች። ኮሚኩ ላይ ካትዉማን የሆነችው ሴሊና ካይል ቀረች፣ ባትማን ቀረ፣ ከተማቸው ጎታም ቀረ፤ በቦታቸው የመዋቢያ ኩባንያ ሠራተኛ የሆነች ፔሸንስ ፊሊፕስ የምትባል ሴት መጣች። የቀረው ስሙ ነው።

ስክሪፕቱ ከመጀመሩ በፊት ጀግናው ምን እንዳደረገ (ወይም ምን ሳያደርግ እንደቀረ)፣ ለዚያም ምን እየከፈለ እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ያ ሳይነካ አገሩም ዘመኑም ይቀየራል። በ1963 ኮሚክ ቬትናም ውስጥ የተማረከው ቶኒ ስታርክ (አይረን ማን) በ2008 ፊልም አፍጋኒስታን ቢማረክ ማን ቅር አለው?

ባላንጣ ማብዛት

አንድ ባላንጣ ቢያንስ አራት ትዕይንት ይፈልጋል፦ ከመክፋቱ በፊት ማን እንደነበር፣ ምን እንዳከፋው፣ ከዚህ ጀግና ምን እንደሚፈልግ፣ በመጨረሻም ፍልሚያው። እያንዳንዱን በሦስት ደቂቃ ቢያሰሉት 12 ደቂቃ ነው፤ ሦስት ባላንጣ 36 ደቂቃ ይወስዳል። የ2007ቱ «ስፓይደር ማን 3» 139 ደቂቃ ኖሮትም አልበቃውም። ከባላንጣዎቹ አንዱ ሳንድማን ከአሸዋ ክምር ተነስቶ፣ እየፈረሰ፣ የልጁ ፎቶ ያለበትን የአንገት ጌጥ ለመያዝ የሚታገልበት ቃል አልባ ትዕይንት ከዘርፉ ምርጦች አንዱ ነው። ሌላው ባላንጣ ቬነም ግን መጨረሻ አካባቢ ተጠቅጥቆ ገባና የሳንድማንን ጊዜ በላ። በ2014ቱ «ዘ አሜዚንግ ስፓይደር ማን 2» ውስጥ ባላንጣው ራይኖ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ብቻ ብቅ ይላል። ለሚቀጥሉት ፊልሞች ማስታወቂያ ነበር፤ ፊልሞቹ ግን አልተሠሩም።

የዓመታትን ታሪክ በአንድ ፊልም መጭመቅ

ከኤክስ-ሜን ጀግኖች አንዷ ጂን ግሬይ ኮሚኩ ላይ ፊኒክስ የሚባለውን ታላቅ ኃይል ይዛ የተነሳችው በ1976፣ የሞተችው በ1980 ነው። አንባቢው አራት ዓመት አብሯት ስለኖረ አለቀሰ። የ2006ቱ «ኤክስ-ሜን» ያንን ከሌላ ኮሚክ ከተወሰደ፣ የጀግኖቹን ልዩ ኃይል ስለሚያጠፋ መድኃኒት ከሚያወራ ታሪክ ጋር አዳብሎ 104 ደቂቃ ውስጥ ከተተው። በ2019 እንደገና ሲሞከርም አዲሷን ጂን ተመልካቹ ከዚያ በፊት ያያት በአንድ ፊልም ብቻ ነበር።

ልብሱን መሳል እንጂ መልበስን አለማሰብ

ወረቀት ላይ የተሳለ ሰው አንገት አይጨንቀውም። የ1989ኙ ባትማን ጭንብል ከአንገቱ ጋር አንድ ወጥ ጎማ ስለነበር ማይክል ኪተን ዞር ለማለት ትከሻውን ጭምር ማዞር ነበረበት። በ2008 ጭንብሉ ከአንገት ተለየ፤ ስክሪፕቱም ጉዳዩን ቀልድ አደረገው። ሩት ካርተር ለ«ብላክ ፓንተር» (2018) ከእውነተኛ ሕዝቦች አለባበስ ተነሳችና ኦስካር ወሰደች። በፊልሙ የወንዙ ጎሳ ሽማግሌ ከንፈር ላይ ያለው ሸክላ የእኛውን የኦሞ ሸለቆ ሙርሲና ሱሪ ያስታውሳል፤ እዚያ የሚያደርጉት ሴቶቹ መሆናቸውን ለጊዜው እንለፈው።

ፊትን ለረጅም ጊዜ መሸፈን

ተዋናይ የሚተውነው በዓይኑ ነው። «አይረን ማን» ካሜራውን የራስ ቁሩ ውስጥ አስገባ፤ የ2004ቱ «ስፓይደር ማን 2» በባቡሩ ትዕይንት ጭንብሉን አስወለቀ።

በኮሚኩ ማፈር

በ2000 የወጣው «ኤክስ-ሜን» ሁሉንም ጥቁር ቆዳ አልብሶ በቢጫው ልብስ ላይ ቀለደ። በ2024 ከእነሱ አንዱ የሆነው ዎልቨሪን ያንኑ ቢጫ ለብሶ መጣ፤ አዳራሹም በጩኸት ተቀበለው። ፕላኔት የሚበላው ጋላክተስ በ1966ቱ ኮሚክ ትልቅ የራስ ቁር የደፋ ግዙፍ ፍጡር ነበር። የ2007ቱ የ«ፋንታስቲክ ፎር» ፊልም ይህ ያስቃል ብሎ ፈርቶ ደመና አደረገው፤ ደመና ግን አያይም፣ አይናገርም፣ አይደራደርም። በ2025 የራስ ቁሩን እንደደፋ ተመልሶ በኒው ዮርክ ጎዳናዎች ተራመደ።