ልጆች ያሉበትን አሮጌ የጭቃ ቤት ስናድስ

ያደስነው ከአያቴ የወረስነውን፣ አዲስ አበባ ያለ የጭቃ ቤት ነው። ሌላ ቤት የምንከራይበት ገንዘብ ስላልነበረን ከሁለት ልጆች ጋር ውስጡ እየኖርን ሰራነው። ያጋጠመንን ከነመፍትሄው ልንገራችሁ።

ልስኑ ከታች እያበጠ ይረግፋል

በጣታችሁ አንኳኩት። ባዶ ድምፅ ከሰጠ ሲሚንቶው ከጭቃው ተላቋል። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶ ግን አብሮት አይሄድም። በስንጥቁ የገባው ውሃ መውጫ ያጣና ውስጥ ያለውን እንጨት ያበሰብሳል። እኛ ልስኑን ስናነሳ ማገሩ እንደ ደረቅ ዳቦ በእጃችን ተፈረፈረ።

ሌላ ሲሚንቶ አትደርቡበት። መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ እዩ። እርጥበቱ ከላይ የወረደ ከሆነ ቆርቆሮውን ወይም አሸንዳውን ፈትሹ። ከመሬት ወደ ላይ የወጣ ከሆነ ከውጪ አፈር ግድግዳው ላይ ተከምሮ ይሆናል፤ ቆፍራችሁ ዝቅ አድርጉት፣ ቦይ አውጡለት። የበሰበሰውን እንጨት ቀይሩና ከጭድ ጋር በቦካ ጭቃ ምረጉት። ከጥቅምት በፊት ግን አትጀምሩ፤ በክረምት ምርጊት አይደርቅም።

የመስኮቱ ቀለም ይላጣል፣ ልጅ ያነሳዋል

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። አሮጌ የዘይት ቀለም ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት፣ ብዙዎች ሊድ የሚሉት፣ ሊኖር ይችላል። ኢትዮጵያ ደንብ አውጥታ የቀለም ሊድን የገደበችው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2018 ነው፤ የአያቴ መስኮት ከዚያ በብዙ ዓመት ይቀድማል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያደርስ የሊድ መጠን አይታወቅም ይላል። በተለይ የሚጎዳው የልጅን አእምሮ ነው፣ ምልክቱም ቶሎ አይታይም። ትንሿ ልጄን መስኮቱ ስር ቁጭ ብላ ሰማያዊውን ቅርፊት በምራቋ እያራሰች ክንዷ ላይ ስትለጥፍ አገኘኋት። የዚያን ቀን ስራ አቆምን።

በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉ፤ ዋናው መርዝ አቧራው ነው። በእሳትም አታቃጥሉት። በውሃ እያራሳችሁ ፋቁ፣ ወለሉ ላይ ላስቲክ አንጥፉ፣ ፍርፋሪውን ከነላስቲኩ ጠቅልላችሁ አስወግዱ። ልጆቹ አክስታቸው ጋ ይዋሉ። ልጅ ቀለም አፉ ውስጥ ከከተተ ለሐኪም ንገሩ፤ ሊድ በደም ምርመራ ይታወቃል።

ማታ ማታ ይስላሉ

የእኛ ልጆች ሳል የመጣው ከአቡጀዲ ኮርኒሱ ነበር። የስንት ዓመት አቧራና የአይጥ ኩስ ተሸክሟል። ከሌላው ስራ ሁሉ በፊት ልጆቹ በሌሉበት አውርዱት፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ፣ ውሃ እየረጫችሁ። ከዚያ በኋላ መጥረጊያው ይቅር፤ በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉ።

ኖራና ባልዲ

ግድግዳ የሚቀባበት ኖራ ዓይን ያቃጥላል፤ ከገባ ወዲያው በብዙ ንጹህ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል እጠቡና ወደ ሐኪም ሩጡ። ባልዲውን ሳትደፉ አትተኙ። ትንሽ ልጅ በባልዲ ውሃም ይሰጥማል።

ልጆቹ ስራ አላሰራ አሉ

የራሳቸው ስራ ስለሌላቸው ነው። ጭቃውን ይርገጡ። ለቀናት መረገጥ ስላለበት አያልቅባቸውም፣ ትልቁ ልጄ ጠዋት ከቁርሱ በፊት ጫማውን ያወልቅ ነበር። ከቀለም ፍርፋሪ የራቀ አፈር አምጡ፣ እግራቸው ከመግባቱ በፊትም በእጃችሁ ፈትሹት። የእኛ ውስጥ የጠርሙስ ስባሪና ሁለት የዛጉ ምስማሮች ነበሩ።