የጀልባችንን የውሃ መግቢያ ቫልቭ እንዴት እንደቀየርነው

ከባሕር ዳር ዘጌ የምትመላለሰው አሮጌ የፋይበርግላስ ጀልባችን ከሞተሩ ስር ውሃ ታስገባ ነበር። ጥፋቱ ከሆዷ ላይ ነው። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው የጣና ውሃ የሚገባበት ቫልቭ ደርቆ አልዘጋ ብሏል።

ግንቦት ላይ ዳር አወጣናት። ስንፈታው ቫልቩ የተሠራበት ናስ (የመዳብና የዚንክ ቅይጥ) ሮዝ ሆኗል። ዚንኩ ተሟጦ ሲያልቅ የሚቀረው ቀዳዳ የበዛበት መዳብ ነው፤ መዶሻ ሲነካው ይፈረፈራል።

ትልቁ ጣጣ ፊሌቶው (የመጠምዘዣው ጥርስ) ነው። ሆዷን የሚያልፈው ቱቦ ጥርሱ ቀጥ ያለ ነው። ከቧንቧ ዕቃ ሱቅ የሚገኘው ቫልቭ ግን ብዙ ጊዜ ጥርሱ ወደ ውስጥ እየጠበበ ይሄዳል። ሁለቱን ስታጋጥማቸው ጥቂት ዙረው ይነክሳሉ። የጠበቀ ይመስላል፤ ቫልቩን የያዘው ግን ሁለት ሦስት ጥርስ ብቻ ነው። ቴፍሎን ብትጠቀልልበትም ያው ነው! ስለዚህ ቱቦውንም ቫልቩንም ከነሐስ (ብሮንዝ) የተሠሩ፣ ጥርሳቸው አንድ ዓይነት የሆነ አስመጣን። ቫልቩ ቦል ቫልቭ ነው፤ ውስጡ ያለው ቀዳዳ ያለበት ኳስ ሲዞር ይከፍታል፣ ይዘጋል። እጀታው ከቱቦው ጋር አንድ አቅጣጫ ከያዘ ክፍት፣ ከተሻገረ ዝግ ነው። በጨለማም በዳበሳ ይለያል።

ቱቦውን ከውስጥ በወፍራም የፋይበርግላስ ሰሌዳ ደገፍነው። ሲሊኮን አላስነካሁም፤ የጀልባ ፖሊዩሬቴን ማሸጊያ ቀብተን፣ ሳናቻኩል እንዲደርቅ ተውነው። ከቫልቩ ወደ ሞተሩ ውሃ የሚወስደው ጎማ በሁለት ፋሸታ (ማጥበቂያ ቀለበት) ታሰረ። አጠገቡ የእንጨት ውታፍ በገመድ አንጠለጠልን፤ ቱቦው ቢሰበር ቀዳዳውን ይደፍናል።

ውሃ ላይ ስትወርድ መጀመሪያ ቫልቩን ዘግተን ዙሪያውን በሶፍት ጠረግን። ከዚያ ከፍተን ሞተር አስነስተን ደገምነው። ሶፍቱ ደረቅ ነው።