ማስታወቂያ ለጣፊውን ስትከሱ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ከዋናው መንገድ ወጣ ብላችሁ ወደ ሰፈር ግቡና የመብራት ፖሉን እዩት። «አስጠኚ ይፈልጋሉ?»፣ «የሚከራይ ኮንዶሚኒየም»፣ «የፍሳሽ መኪና አለን» የሚሉ ወረቀቶች ተደራርበው ፖሉ ራሱ አይታይም። አጥሩ ላይ ደግሞ በስፕሬይ የተነፋ ስልክ ቁጥር አለ። ይህ ሁሉ የሕዝብ ንብረት ነው። የተሠራውም የሚጸዳውም ከሕዝብ ኪስ በወጣ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ያለ ፈቃድ የለጠፈ ሰው ይጠየቅ ሲባል ከልቤ እደግፋለሁ።

ችግሩ አጠያየቁ ላይ ነው። ጉዳዩ ቀላል ስለሚመስል ማንም አይዘጋጅበትም። «ወረቀቱ አለ፣ ስልኩ ተጽፎበታል፣ ሌላ ምን ያስፈልጋል?» ይባላል። ተከሳሹ ቀርቦ «እኔ አልለጠፍኩም» ሲል ግን መልስ የሚሰጥ ሰው ይጠፋል። እንዲህ ያለ ክስ የሚሸነፈው ችሎት ፊት ሳይሆን ግድግዳው ሥር ነው። ደንብ አስከባሪ፣ መርማሪ፣ ዐቃቤ ሕግ ወይም አጥሩ የተበላሸበት ተቋም ኃላፊ ከሆናችሁ እነዚህን ልብ በሉ።

ወረቀቱን ቶሎ መላጥ

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ደንብ አስከባሪው ያያል፣ ይናደዳል፣ ይልጠዋል። ሥራውን የሠራ ይመስለዋል። ማስረጃው ግን በእጁ ተቀዳዶ ቆሻሻ ውስጥ ገብቷል።

መጀመሪያ ፎቶ አንሱ። አንድ ፎቶ ደግሞ አይበቃም። ከራቅ ብላችሁ አካባቢው የሚለይበትን አንዱን አንሱ፤ ፖሉ ከጀርባው ካለው ሕንጻ ወይም ሱቅ ጋር ይታይ። ቀጥሎ ፖሉን ወይም ግድግዳውን ሙሉውን። በመጨረሻ ጠጋ ብላችሁ ጽሑፉ ፊደል በፊደል የሚነበብበትን። ፖሉ ላይ ቁጥር ካለ እሱም ይነሳ። ይህ ካልተደረገ ተከላካይ ጠበቃው «ይህ ፖል የት ነው ያለው? ደብረ ብርሃን ይሁን አዲስ አበባ በምን አወቃችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ መልስ የላችሁም።

ወረቀቱን ራሱንም በደንብ እዩት። ከሥሩ ስልክ ቁጥሩ ተደጋግሞ ተጽፎ፣ አላፊ አግዳሚው እየቀደደ እንዲወስደው በመቀስ የተቆራረጠ ዓይነት አለ። ከእነዚያ ቁራጮች ስንቱ ተቀድዶ ሄዷል? ብዙው ከሄደ ወረቀቱ ትናንት ማታ እንዳልተለጠፈ ፍንጭ ነው። ወረቀቱ ከሌላ ወረቀት በላይ ነው ወይስ በታች? በታቹ ያለው ቀን የተጻፈበት ከሆነ የላይኛው ከዚያ በኋላ እንደመጣ ያሳያል። ሙጫው ገና እርጥብ ነው? ቀለሙን አንስቶታል? እነዚህን ሁሉ እዚያው ቆማችሁ ጻፉ። ቢሮ ገብቶ ከትዝታ የሚጻፍ ቃለ ጉባኤ መስቀለኛ ጥያቄ አይችልም።

ከዚያ በኋላ አንሱት። አንዱን ቅጂ በተቻለ መጠን ሳይቀደድ አላቁ፣ ፖስታ ውስጥ ክተቱ፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታና የአንሺውን ስም ጻፉበት፣ በኤግዚቢትነት አስመዝግቡ። የተቀረውን መላጥ ይቻላል። ግድግዳ ላይ የተነፋ ስፕሬይ ከሆነ ግን ከመቀባቱ በፊት በሜትር ለኩት፤ ስፋቱ በኋላ ለጉዳቱ ግምት ያስፈልጋል።

ስልክ ቁጥሩን እንደ ፊርማ ማየት

ወረቀቱ ላይ ያለው ስልክ የሚነግራችሁ ማን እንደሚጠቀም ነው። ማን እንደለጠፈ አይነግራችሁም። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሲም ካርዱ በአንድ ሰው ስም ወጥቶ ሌላ ሰው ሊሠራበት ይችላል። ተፎካካሪ ደላላ ሰውየውን ለማስከሰስ ቁጥሩን ጽፎ ሊለጥፍ ይችላል። ብዙ ጊዜ ይህ አይሆንም፤ ግን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ተከሳሹን ንጹሕ ነው ብሎ ስለሚጀምር፣ ጥርጣሬውን ማጥራት የእናንተ ሥራ ነው።

ምን ይደረግ? የሲም ካርዱ ምዝገባ በሕጋዊ ትእዛዝ ከቴሌኮም ድርጅቱ ይጠየቅ። ማተሚያ ቤቱን ፈልጉ፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው። ወረቀቱን ያተመው ኮምፒውተር ቤት አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ሰፈር ነው። ማን እንዳሳተመ፣ ስንት ቅጂ እንደሆነ፣ ፋይሉ በማን ቴሌግራም እንደተላከ፣ ማን እንደከፈለ ያውቃል። የማተሚያ ቤቱ ሰው ምስክርነት ከአሥር ፎቶ ይበልጣል።

አንድ ነገር አደራ፦ ቁጥሩ ላይ ደውላችሁ አትዛቱ። «እንከስሃለን» የተባለ ሰው ማታውኑ ሲሙን ይጥላል፣ ማተሚያ ቤቱንም ያስጠነቅቃል።

ሙጫ የያዘውን ልጅ ብቻ መያዝ

እጅ ከፍንጅ የሚያዘው አብዛኛውን ጊዜ ባልዲና ብሩሽ የያዘ ወጣት ነው። በቀን ሒሳብ ተከፍሎት የሚለጥፍ። እሱን ከሶ መዝገብ መዝጋት ይቀላል፤ ፍትሕ ግን አይመስለኝም። ነገ ሌላ ልጅ ይቀጠራል፣ ግድግዳውም ያው ግድግዳ ነው።

የወንጀል ሕጋችን ለዚህ መንገድ አለው። አንቀጽ 32 በድርጊቱና በውጤቱ ሙሉ በሙሉ የተካፈለውን ሰው፣ በእጁ ባይፈጽመውም፣ ዋና ወንጀል አድራጊ ሊያደርገው ይችላል። አንቀጽ 36 ደግሞ ሌላውን ያነሳሳውን ይመለከታል፤ በገንዘብ ማነሳሳትም ማነሳሳት ነው። ስለዚህ ልጁ ሲያዝ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ላከህ? እንዴት ከፈለህ?» ይሁን። በቴሌብር ከተላከለት ዱካው አለ።

እዚህ ላይ የሚፈጠር ሌላ ስህተት አለ። «ድርጅቱን እንክሰስ» ይባልና አንቀጽ 34 ይጠቀሳል። አንቀጽ 34 የሕግ ሰውነት ስላለው ድርጅት ነው፤ ከኃላፊዎቹ ወይም ከሠራተኞቹ አንዱ የድርጅቱን ጥቅም ለማራመድ ሲያጠፋ ድርጅቱም ይጠየቃል። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆነ ያስኬዳል። በራሱ ስም ንግድ ፈቃድ ያወጣ ግለሰብ ነጋዴ ግን የንግድ ስም ቢኖረውም ከእሱ የተለየ የሕግ ሰውነት የለውም። እሱን የምትከሱት እንደ ሰው ነው፣ ያደረገውን ወይም ያስደረገውን አስረድታችሁ። ክስ ከመጻፉ በፊት የንግድ ምዝገባውን ማየት ብዙ ጣጣ ያድናል።

የሕንዷ ዴልሂ ይህን ችግር በሕግ ለመፍታት ሞክራለች። እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣችው የንብረት ገጽታ ማበላሸት መከላከያ ሕግ እስከ 1 ዓመት እሥራት ወይም እስከ 50,000 ሩፒ መቀጮ ወይም ሁለቱንም ይጥላል። ዋናው ነገር ግን ይህ አይደለም። ማስታወቂያው የተለጠፈው ለሌላ ሰው ወይም ድርጅት ጥቅም ከሆነ ተጠቃሚውም ጥፋተኛ ይሆናል፤ ሳያውቅ ወይም ሳይፈቅድ እንደተፈጸመ ማስረዳት የእሱ ፋንታ ነው። ይህን የሰሙ አንዳንድ ሰዎች እኛም ጋ እንደዚያ የሆነ ያህል ክስ ያዘጋጃሉ። የማስረዳት ሸክም በግልጽ በሕግ ካልተዛወረ በቀር ከዐቃቤ ሕግ ትከሻ አይወርድም።

የማይመጥን ሕግ መጥቀስ

ቁጣ አንቀጽ አይመርጥም። ፖሉ የመብራት ኃይል ነው ተብሎ የቴሌኮምና የኤሌክትሪክ አውታሮችን ደህንነት የሚጠብቀው አዋጅ ቁጥር 464/1997 ሲጠቀስ አስቡት። ያ አዋጅ የታሰበው ገመድ ለሚቆርጥ፣ አውታር ለሚያበላሽ ነው፤ ቅጣቱም ከባድ ነው። አንድ የአስጠኚ ወረቀት ለለጠፈ ተማሪ ያንን ማንሳት ክሱን ዳኛው ፊት ያቀለዋል።

ድርጊቱን አስቀድሙ፣ ሕጉን አስከትሉ። ያለ ፈቃድ የውጭ ማስታወቂያ መስቀል ወይም መለጠፍ ከሆነ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ንና የከተማውን ደንብ ተመልከቱ። ግድግዳው በእርግጥ ከተበላሸ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 689 ሊመጣ ይችላል። እሱ ግን ሆን ተብሎ የደረሰ ጉዳት ይፈልጋል፤ የሚያስቀጣውም አቤቱታ ሲቀርብ ነው። ስለዚህ ንብረቱ የማን እንደሆነ አጣሩ፣ ያ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ያመልክት። «የሕዝብ ነው» ማለት ባለቤት አልባ ነው ማለት አይደለም።

ቃሉንም አስተውሉ። በገመድ የታሰረ ባነር ግድግዳን «አበላሽቷል» ይባላል? የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 ከተማዋ ቀድሞ ትሠራበት በነበረው እ.ኤ.አ. የ1976 ሕግ መሠረት የተንጠለጠለ ቦርድን በቀለም ወይም በመሰል ነገር ከመጻፍና ምልክት ከማድረግ ለይቶ አይቶታል። እኛም ጋ ቢሆን ታስሮ ተፈትቶ ምንም ምልክት ያልተወ ባነር ለጉዳት ክስ አይመችም። ለፈቃድ ጥሰት ግን ይሆናል።

ፍርድ ቤቱም አብሮ ይታይ። የአዲስ አበባ ከተማ ፍርድ ቤቶች በቻርተሩ፣ በአዋጅ ቁጥር 361/1995፣ የደንብ መተላለፍ ጉዳዮችን ያያሉ። በአንቀጽ 689 የተመሠረተ ክስ ግን የፌዴራል ፍርድ ቤት ጉዳይ ነው።

«ፈቃድ የለውም» ብሎ ማለፍ

ከየት ታወቀ? ደንብ አስከባሪው ጠይቆ ተከሳሹ አላሳየም ማለት አይበቃም። ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት በዚያ ስም፣ ለዚያ ቦታ፣ በዚያ ጊዜ የተሰጠ ፈቃድ መዝገቡ ላይ እንደሌለ በማኅተም ያረጋግጥ። ፈቃድ ኖሮት ለሌላ ቦታ የሆነ፣ ወይም ጊዜው ያለፈበት ሰው ያጋጥማል፤ ክሱ ያንን በትክክል ይግለጽ።

ክሱን በደፈናው መጻፍ

«በተለያዩ ቦታዎች በተለያዩ ጊዜያት ማስታወቂያ በመለጠፍ የከተማዋን ውበት በማበላሸቱ...» እንዲህ ላለ ክስ ምን ብለው ይመልሱለታል? የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 112 ተከሳሹ የተከሰሰበትን እንዲረዳ ሁኔታው እንዲዘረዘር ይጠይቃል። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ክፍለ ከተማውና ወረዳው ይጻፍ። ከመገናኛ ወደ ሃያ ሁለት በሚወስደው መንገድ ከሆነ ልዩ ቦታው ይጠራ። በምን ቁስ ተለጠፈ፣ የማን ንብረት ላይ፣ ምን የሚል ጽሑፍ። አምስት ቦታ ከተለጠፈና ሁለቱን ብቻ ማስረዳት ከቻላችሁ በሁለቱ ክሰሱ።

ያላየ ምስክር መቁጠር

ሦስት ደንብ አስከባሪዎች ቀርበው ሦስቱም «ተለጥፎ አገኘነው» ካሉ የለጠፈውን ያየ ሰው የለም ማለት ነው። የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ካልበቃ ፍርድ ቤቱ «ይከላከል» ሳይል በዚሁ የሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 141 ተከሳሹን በነጻ ያሰናብታል። የጥበቃ ሠራተኛው፣ ፊት ለፊት ያለችው ጀበና ቡና የምታፈላዋ፣ ሊስትሮው፣ የሱቁ ካሜራ፦ ያዩት እነዚህ ናቸው። የካሜራ ቅጂ ቶሎ ይጠፋል፤ በዚያው ቀን ጠይቁ።

ትንሹን ይዞ ትልቁን መተው

የአስጠኚ ወረቀት የለጠፈ ተማሪ ተከሶ፣ መንገድ አካፋይ ላይ ትልቅ ባነር የዘረጋ ድርጅት በስልክ ሲታለፍ ሰው ያያል። ከዚያ በኋላ ማንም አይመሰክርላችሁም። በሌላ በኩል «አፋልጉኝ» የሚል የጠፋ ልጅ ፎቶ ያለበት ወረቀት ታገኛላችሁ። እዚያ ላይ ክስ አታስቡ። ደውሉ፣ አይዟችሁ በሉ፣ ልጁ ሲገኝ እንዲያነሱት ንገሯቸው።

ግድግዳውን መርሳት

ቅጣቱ ከተወሰነ በኋላም ግድግዳው እንደቆሸሸ ይቀራል፤ ምክንያቱም ወጪውን የጠየቀ የለም። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 154 ጀምሮ ተጎጂው በዚያው የወንጀል ክስ ካሳ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። «ውበት አበላሽቷል» ዋጋ የለውም። የቀለሙ፣ የመፋቂያው፣ የሠራተኛው ቀን ሒሳብ ግን ዋጋ አለው።

ማጽዳትን ማስገደድ ምን ያህል እንደሚሠራ የዴልሂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2024 አይተውታል። የተማሪዎች ማኅበር ምርጫ ሴፕቴምበር 27 ተካሄደ፤ ተወዳዳሪዎች ከተማውን በፖስተርና በጽሑፍ ስለሞሉት ፍርድ ቤቱ እስኪጸዳ ድረስ ድምፅ አይቆጠርም አለ። ቆጠራው የተደረገው ኖቬምበር 25 ነው፤ ወረቀቱ በመካከሉ ተነሳ።

እኛ ጋ ጥያቄው ክርክሩ ሳይገፋ፣ መጀመሪያ ላይ፣ በባለንብረቱ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ይቅረብ፤ ከጽዳቱ በፊትና በኋላ የተነሳው ፎቶና የቀለሙ ደረሰኝ ይያያዝበት።