ኪቦርድ መጫን ላስቸገረው ሰው፦ በማውስ ብቻ እንዴት ይጻፋል?

እጁ የሚንቀጠቀጥ ወይም ጣቶቹ አልታዘዝ ያሉት ሰው፣ ማውስ ማንቀሳቀስ ከቻለ መጻፍ ይችላል። ዊንዶውስ ኪቦርዱን ስክሪን ላይ የሚያወጣ ፕሮግራም አለው። ዳውንሎድ የለ፣ ክፍያ የለ።

አጭሩ መክፈቻ የዊንዶውስ ቁልፍን፣ ኮንትሮልንና O ፊደልን አንድ ላይ መጫን ነው። ሦስት ቁልፍ ባንዴ መጫን ለሚከብደው ሰው ግን ይሄ ቀልድ ነው፤ ስለዚህ በማውስ እንሂድ። ዊንዶውስ 11 ላይ ስታርት፣ ሴቲንግስ፣ አክሰሲቢሊቲ፣ ኪቦርድ ብላችሁ ግቡና ኦን ስክሪን ኪቦርድ የሚለውን አብሩት። ዊንዶውስ 10 ላይ አክሰሲቢሊቲ ፈንታ ኢዝ ኦፍ አክሰስ ይላል። ገና ፓስወርድ የሚጠየቅበት ገጽ ላይ ከሆናችሁም ከታች በቀኝ ጥግ ባለው የአክሰሲቢሊቲ ምልክት ማውጣት ይቻላል።

ወጣ? ጠርዙን ይዛችሁ ጎትቱና አስፉት። ፊደሎቹ በተለቁ ቁጥር መሳት ይቀንሳል።

ዋናው ነገር ያለው ግን ብዙ ሰው ዞር ብሎ የማያየው፣ እዚያው የወጣው ኪቦርድ ላይ ያለው ኦፕሽንስ የሚለው ቁልፍ ውስጥ ነው። ክሊክ ማድረግ የሚያደክመው ሰው ሆቨር ኦቨር ኪስን ይምረጥ፤ ቀስቱን ፊደሉ ላይ አቁሞ ትንሽ ሲጠብቅ ራሱ ይጽፍለታል። የሚጠብቀውን ጊዜ 1 ሰከንድ ገደማ ላይ አድርጉና ስሙን ሲጽፍ አጠገቡ ሆናችሁ እዩ። ሳይፈልግ ፊደል እየገባ ካስቸገረው ጊዜውን አርዝሙት፣ ቆሞ መጠበቅ ካሰለቸው አሳጥሩት። እናንተ ስለተመቻችሁ ብቻ እንዳትተዉት፣ እጁ የእሱ ነው። ማውስም የማይሆንለት ሰው ስካን ትሩ ኪስ አለለት፦ ኪቦርዱ በየተራ እየበራ ያልፋል፣ የሚፈልገው ቦታ ሲደርስ አንድ ቁልፍ ብቻ ይጫናል፣ እንዲህ እያጠበበ ፊደሉ ላይ ይደርሳል። ቀርፋፋ ነው፤ ግን ያደርሳል።

ሺፍትን ይዞ መቆየት አያስፈልግም። አንዴ ነክታችሁ ስትለቁት ቀጣዩን ፊደል ይጠብቃል።

ለአማርኛ ሴቲንግስ ላይ ታይም ኤንድ ላንጉጅ ውስጥ ገብታችሁ አማርኛን ጨምሩ፣ ከዚያ ሰዓቱ አጠገብ ያለውን የቋንቋ ምልክት እየነካችሁ ቀያይሩ። ስትጽፉ ኪቦርዱ ቃል የሚጠቁመው ነገር እንግሊዝኛ ላይ ያግዛል እንጂ አማርኛ ላይ ብዙም አትጠብቁት።

በመጨረሻ እዚያው ኦፕሽንስ ውስጥ ከታች ባለው ሊንክ ገብታችሁ፣ ኮምፒውተሩ ሲከፈት ኪቦርዱም አብሮ እንዲወጣ አድርጉ። ያለዚያ በየቀኑ የሚከፍትለት ሰው ሊፈልግ ነው።